ልጓም ፍሬን አይደለም

ለበኩር ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል
ባህር ዳር

ጉዳዩ፦ ለትንንሽ የጋሪ ፈረሶች የሚስማማ ልጓም ስለ መምረጥ

ስለ ጋሪ ፈረስ በተነሣ ቁጥር ወሬው ከጭነትና ከጅራፍ አያልፍም። ሁለቱም መነሣታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከመሸንቲም ሆነ ከሐሙሲት በኩል እህልና ማገዶ ጭነው የሚመላለሱትን ፈረሶች ቀረብ ብሎ አፋቸውን ያየ ሰው፣ ማንም ያላነሣው ሌላ ጉዳይ ያገኛል። የከንፈራቸው ጥግ ቆስሎ የደረቀ፣ ደርቆ ዳግም የቆሰለ፣ ምላሳቸውን በጎን አውጥተው የሚሄዱ፣ ዛቡ (ነጂው የሚይዘው መሳቢያ ጠፍር) ገና ሳይሳብ ሽቅብ የሚያንጋጥጡ ፈረሶች ጥቂት አይደሉም። ባለጋሪው «አመለኛ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አመሉ ብዙውን ጊዜ አፉ ውስጥ ከገባው የልጓም ብረት የመጣ ነው። ልጓም እንዴት እንደሚለካ፣ እንደሚመረጥና እንደሚታሰር ባለጋሪውም፣ በያጁም፣ ከገበያ የሚገዛውም ሊሠሩበት በሚችሉት መልኩ እንዲወጣልኝ ይህን ደብዳቤ ልኬያለሁ።

መጀመሪያ የፈረሳችንን ቁመት እንወቅ። የአገራችን ፈረስ ትከሻው ላይ ሲለካ በአብዛኛው 130 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዓለም አቀፍ የፈረስ ውድድር ደንብ ከ148 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ፈረስ «ፖኒ» ተብሎ ስለሚመደብ፣ የእኛዎቹ ከትልልቆቹ ተራ አይገቡም። ከእነሱም የሚያንሱ አሉ። በአሜሪካ የድንክ ፈረስ ማኅበር የሚመዘገብ ፈረስ፣ የጋማው የመጨረሻ ፀጉር ካለበት ቦታ ላይ ሲለካ ከ34 ኢንች፣ ማለትም ከ86 ሴንቲ ሜትር ገደማ መብለጥ የለበትም፤ ያም ሆኖ ቀላል ጋሪ ይጎትታል። ለእንዲህ ያለው ድንክ ከ8.5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ለትልቅ ፈረስ ደግሞ ከ12.5 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ልጓም ይሠራለታል። የእኛ ፈረስ መካከል ላይ ነው፤ ብዙው ከ11 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ባለው ይወድቃል። ከውጭ የሚመጣ ልጓም በአብዛኛው ለትልቅ ፈረስ የተሠራ ነው፤ በያጁም አንዱን ናሙና አይቶ ሲቀዳ ስፋቱን አብሮ ይቀዳዋል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ከሩቅ ሲታይ ምንም አይመስልም፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ነው።

ልጓም የሚያርፈው በፊት ጥርስና በመንጋጋ ጥርስ መካከል ባለው ጥርስ አልባ ድድ ላይ ነው። ድዱ ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለው አጥንት ጠርዙ ሹል ስለሆነ ጣት አስገብቶ ለዳሰሰው ወዲያው ይታወቃል። ወንዱ ፈረስ 4 ወይም 5 ዓመት ገደማ ሲሆነው በዚሁ ባዶ ቦታ ላይ ክራንቻ ያበቅላል፤ ባዝራ ግን አልፎ አልፎ ካልሆነ የላትም። አፉ ሲዘጋ ምላሱ አፉን ይሞላዋል። የትንሽ ፈረስ አፍ ደግሞ አጭርና ጠባብ ነው፤ ላንቃውም ዝቅ ይላል። ስለዚህ «ወፍራም ብረት ለአፍ ይለሰልሳል» የሚለው የቆየ አባባል ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ወፍራም ብረት ጫናውን ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ያሳርፋል፤ ይህ ትክክል ነው። ሆኖም 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት የተጎረሰ ትንሽ ፈረስ አፉን በወጉ መግጠም አይችልም፤ ምላሱ ሁልጊዜ ተጨፍልቆ ይውላል። ለእኛ ፈረስ ከ12 እስከ 14 ሚሊ ሜትር በቂ ነው። ለድንኩ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይባላል። ከዚያ የቀጠነው መቁረጥ ይጀምራል፤ ከሽቦ ወይም ከሲባጎ ተገምዶ የሚሠራው ጊዜያዊ ልጓም ምላስን እንደ ክር የሚሰነጥቀው በዚህ ምክንያት ነው።

አለካኩ አያስቸግርም። ልጡ የተላጠ፣ የትንሽ ጣት ውፍረትና አንድ ስንዝር ተኩል ገደማ ርዝመት ያለው ለስላሳ በትር ይዘጋጅ። ፈረሱን አንድ ሰው በልባብ (አፍ የሚገባ ብረት በሌለው የራስ ማሰሪያ) ይያዘው፤ ግንድ ላይ አይታሰር። ለኪው በግራ በኩል ቆሞ አውራ ጣቱን ጥርስ በሌለው የአፍ ጥግ ሲያስገባ ፈረሱ አፉን ይከፍታል። በትሩ የሁለቱን ከንፈሮች ጥግ ነካ አድርጎ፣ ወደ ላይ ሳይስብ ይረፍ። በግራና በቀኝ ከንፈሩ ከሚያልቅበት ላይ በከሰል ምልክት ተደርጎ በትሩ ይውጣ፤ በምልክቶቹ መካከል ያለው በሜትር ይለካ። አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም፤ ፈረሱ ከንፈሩን ከሸበሸበ ልኩ ያጥራል። 11 ሴንቲ ሜትር ከተገኘ፣ ቀለበቱ በብረቱ ቀዳዳ ውስጥ እንደ ልቡ ለሚሽከረከር ልጓም በየጎኑ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ጨምሮ 12 ሴንቲ ሜትር ይታዘዛል። ቀለበቱ ከብረቱ ጋር ለተያያዘውና ለማይሽከረከረው ግን በጠቅላላው ግማሽ ሴንቲ ሜትር መጨመር ይበቃል፤ 11.5 ይሆናል። ጭማሪው የሚለያየው የሚሽከረከረው ቀለበት ሲዞር በቀዳዳው አፍ የከንፈርን ቆዳ ስለሚቆነጥጥ ነው። ቀዳዳው በሥራ ብዛት ሲሰፋ ቁንጠጣው ይብሳል። ከአሮጌ ቆዳ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ተቆርጦ፣ መሃሉ ተበስቶ በቀለበቱና በከንፈሩ መካከል ቢገባ ጥሩ መከላከያ ነው።

ከልክ በላይ የሰፋ ልጓም ምን ያደርጋል? አንዱ ዛብ ሲሳብ ብረቱ በአፍ ውስጥ ወደዚያው ጎን ይንሸራተታል። መሃሉ ላይ መታጠፊያ ካለው መታጠፊያው ከምላሱ መሃል ወጥቶ አንዱ ድድ ላይ ያርፋል፤ በሌላው ጎን ደግሞ ቀለበቱ ወደ አፍ ይገባል። ፈረሱ «ወደ ቀኝ አይታጠፍም» የሚባለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። የጠበበው በበኩሉ ጉንጩን ወደ ውስጥ ገፍቶ ከላይኛው መንጋጋ ስለታም ጠርዝ ጋር ያጋጨዋል፤ ቁስሉ ከውስጥ ስለሆነ ከውጭ አይታይም። ልጓሙ ከገባ በኋላ በየጎኑ በቀለበቱና በከንፈሩ መካከል ትንሿ ጣት ብቻ የምታልፍ ከሆነ ልኩ ደህና ነው።

ቅርጹን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፦ ለጋሪ መታጠፊያ የሌለው፣ መሃሉ ወደ ፊት በጥቂቱ የጎበጠ ወጥ ብረት ይቅደም። ገበያ ላይ በብዛት የሚታየው መሃሉ ላይ አንድ መታጠፊያ ያለው ነው። ሁለቱ ዛቦች አንድ ላይ ሲሳቡ ይህ ልጓም ተጣጥፎ ሹል ማዕዘን ይሠራል፤ ማዕዘኑ ዝቅ ያለውን ላንቃ ሊወጋ ይችላል፣ የብረቱ ሁለት ግማሾች ደግሞ ምላስንና ድድን ከግራና ከቀኝ ይጨምቃሉ። በጋሪ ሥራ ሁለቱ ዛቦች አንድ ላይ የሚሳቡበት ጊዜ ይበዛል፤ የነጂው እጅም ከፈረሱ አፍ ከ2 ሜትር በላይ ስለሚርቅ የዛቡ ክብደት ራሱ ብረቱ ላይ ይጫናል። ወጥ ብረት ላይ ተደግፎ የሚከብድ፣ ወይም በጠባብ መንገድ ብዙ መታጠፍ ያለበት ፈረስ ካለ ባለ ሁለት መታጠፊያው ይሞከርለት። ታዲያ መሃል ያለችው ቁራጭ እንደ ባቄላ ሞላላና ድቡልቡል መሆን አለባት፤ ጠፍጣፋ ሆና ጠርዟ ወደ ምላስ ከዞረ ከአንድ መታጠፊያውም ትከፋለች። የተጠማዘዘ ብረት፣ ጥርስ የወጣለት ብረት፣ የብስክሌት ሰንሰለት ፈረስ አፍ ውስጥ ምንም ሥራ የላቸውም።

ጎኑም ሊታሰብበት ይገባል። ለትንሽ ፊት የቀለበቱ የውስጥ ስፋት ከ5.5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ የተለቀው ከጉንጭ አጥንት ጋር ይጋጫል። ጋሪ የሚነዱ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች የሚመርጡት ከቀለበቱ ወደ ታች ብቻ የወረደ፣ ጫፉ እንደ ማንኪያ የደፈጠጠ አጭር ክንድ ያለውን ነው። ክንዱ ቀለበቱ ተስቦ አፍ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። ወደ ላይም ወደ ታችም የወጣ ክንድ ያለው ግን ለግልቢያ እንጂ ለጋሪ አይሆንም፤ ፈረሱ አንገቱን ዞር ሲያደርግ በጋሪው ዘንግ ወይም በጠፍሩ ይያዝና ፈረሱ ይደነብራል።

ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓላቸውን የሚያከብሩትን የአዊ ፈረሰኞች ያየ ሁሉ ያንን የመሰለ አነዳድ ከልጓሙ የመጣ ይመስለዋል፤ የግልቢያ ልጓም ገዝቶ ጋሪ ፈረስ ላይ የሚያስርም አለ። የፈረሰኛው እጅ ከጋማው አጠገብ ነው፤ ጉልበቱና አካሉ አብረው ይናገራሉ፤ ዛቡን የሚነካው ለአፍታ ነው። ከአገጭ ሥር የሚዞር ቀለበት ወይም ረጅም ክንድ ያለው ልጓም እንዲህ ባለ እጅ ሥር ያለ ጉዳት ሊሠራ ይችላል። ጋሪ ላይ ተቀምጦ፣ መንገደኛ እያነጋገረ፣ አንዳንዴም ስልክ ይዞ በሚነዳ ሰው እጅ ሲገባ ግን መንጋጋ የሚሰብር ነገር ይሆናል። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ክንዱ ከብረቱ በላይ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከብረቱ በታች 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ዛቡ ከታችኛው ጫፍ ላይ ቢታሰር፣ 1 ኪሎ ጉተታ ከክንዱ ላይኛ ጫፍ ተያይዞ በአገጭ ሥር በሚዞረው ሰንሰለት ላይ 2 ኪሎ ይሆናል፤ አፍ ውስጥ ያለው ብረት ሁለቱን ደምሮ 3 ኪሎ ይሸከማል። ከውጭ የሚመጣውና «ሊቨርፑል» የሚባለው የጋሪ ልጓም እንዲህ ዓይነት ነው። ጥሩ ጎኑ ዛብ የሚታሰርባቸው በርካታ ቦታዎች ያሉት መሆኑ ነው፤ ዛቡ ከብረቱ ትይዩ ባለው ቀለበት ላይ ከታሰረ ጉልበት ሳያበዛ እንደ ተራ ልጓም ይሠራል። እጅ የገባለት ሰው ካልያዘው እዚያው ላይ ይታሰር፤ ወደ ታች አይውረድ። የአገጭ ሰንሰለቱም ጠፍጣፋ ሆኖ ተዘርግቶ፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ልቅነት ይኑረው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለጋሪዎች ጠንካራ ልጓም የሚፈልጉት «አይቆምልኝም» ብለው ነው። ፈረሱ መቆም የሚያቅተው ብዙ ጊዜ አፉ ደንድኖ ሳይሆን ጋሪው ከኋላ እየገፋው ነው። ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁል የሚወርድ ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ አስቡ። የታፋ ጠፍር የለውም። ጭነቱ ወደ ፊት ይገፋል፤ ዘንጎቹ ወደ ፊት ይሄዳሉ፤ ጀርባ ላይ ያለው መደገፊያ ትከሻውን ይጫነዋል። ነጂው ዛቡን በሁለት እጁ ይስባል። ፈረሱ ሕመሙን ሲሸሽ ራሱን ሽቅብ ያነሣል፤ ራሱ ሲነሣ ጀርባው ይሰረጉዳል፤ የኋላ እግሮቹን ከሥሩ አስገብቶ ጭነቱን መግታት አይችልም። ማለትም ነጂው በሳበ ቁጥር የፈረሱ የመቆም አቅም ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ የባሰ ልጓም መግዛት እሳት ላይ ቤንዚን መጨመር ነው።

መፍትሔው በታፋ በኩል ነው። ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከቆዳ ወይም ከተደራረበ ሸራ የተሰፋ ጠፍር ታፋውን ከኋላ ዞሮ በግራና በቀኝ ከዘንጎቹ ጋር ይታሰር። በወገቡ ላይ የሚያልፍ ሌላ ቀጭን ጠፍር ከፍታውን ይጠብቅለት። ቦታው ከቂጥ አጥንቱ ጫፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው፤ ወደ ላይ ከወጣ ጭራ ሥር ገብቶ ያራግጠዋል፣ በጣም ከወረደ በቁልቁለት ላይ የኋላ እግሩን ይጠልፈዋል። ፈረሱ እየጎተተ ሳለ በጠፍሩና በታፋው መካከል አንድ መዳፍ በአግድም መግባት አለበት። ከዚህ ከላላ ጋሪው ተንደርድሮ ይመታዋል፤ ከጠበቀ ደግሞ በየእርምጃው ያሸዋል። ጠፍሩ ዘንጉ ላይ የሚታሰርበት ማቆሚያ በምስማር ሳይሆን በብሎን ይያዝ። ጎማውን የሚያሽ የእንጨት ፍሬን በእግር እንዲረገጥ ተደርጎ ቢጨመር ደግሞ እሰየው። እነዚህ ሲሟሉ ያ «አልቆምም» ያለው ፈረስ በለስላሳ ልጓም ይቆማል፤ መቆሚያውን ስላገኘ።

አስተሳሰሩ ላይ የሚታየው ስህተት ብዙ ነው። መታጠፊያ የሌለው ብረት የከንፈሩን ጥግ ነክቶ ይረፍ፤ አንድ ስስ ሽብሽብ ካሳየ በቂ ነው። መታጠፊያ ያለው አንድ ጥርት ያለ ሽብሽብ ሊያወጣ ይችላል። ሁለትና ሦስት ሽብሽብ ማለት ዛብ ባይሳብም ከንፈሩ ቀኑን ሙሉ እየተሳበ ነው። ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ ደግሞ ከክራንቻው ጋር ይጋጫል፤ ፈረሱም ምላሱን ከብረቱ በላይ ያሳልፋል፤ ይህን አንዴ ከለመደ ለማስተው ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ግራና ቀኝ የጉንጭ ጠፍሮች እኩል ቀዳዳ ላይ መሆናቸውን ከፊት ለፊት ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። ከጉሮሮ ሥር የሚያልፈው ጠፍር አራት ጣት ያስገባ። አፍንጫ ላይ የሚዞረው ሁለት ጣት። አፉን እንዳይከፍት በሲባጎ አጥብቆ ማሰርን በጥብቅ እቃወማለሁ፤ አፉን የከፈተው ስላመመው ነውና ማሰሩ ሕመሙን አያስወግድም፣ ምልክቱን ይደብቃል እንጂ።

ስለ ብረቱ ለበያጆቻችን ልናገር። ለቤት ኮለን የሚያገለግለው ፌሮ ሸንተረር አለው፤ ቢሞረድ እንኳ ሸንተረሩ ፈጽሞ አይጠፋም፣ ከጠፋም ብረቱ አንድ ወጥ ውፍረት አይኖረውም። ለስላሳ ክብ ብረት ይፈለግ፤ ከተገኘ የማይዝገው ይሻላል። ዚንክ የተቀባ የውኃ ቧንቧና ዘንግ አይሁን፤ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ራሱን ያሳምማል፣ ቅቡም አፍ ውስጥ ይፈረፈራል። የሚያብረቀርቅ ቅብ ያለው ርካሽ ልጓም ደግሞ በወራት ውስጥ ይላጣል፤ የተላጠው ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው። የተለመደው ዝገት ብቻውን አይጎዳም፤ እንዲያውም ያልተቀባ ብረት ፈረሶች ምራቅ እንዲያመነጩ ያደርጋል የሚሉ አሉ። ሻካራ ሆኖ የተበላ ዝገት ግን መወገድ አለበት። የብየዳው ጉብታ በግራይንደር ተስተካክሎ፣ በሞረድ፣ ከዚያም በማለስለሻ ወረቀት ይጨረስ። ማረጋገጫው ጥጥ ነው። አንድ እፍኝ ጥጥ በብረቱ ዙሪያ ጨብጦ ከዳር እስከ ዳር፣ በቀለበቱ ቀዳዳ ውስጥም ጭምር ማሸት። አንዲት ክር እንኳ ከቀረች እዚያ ቦታ ላይ ከንፈር ይቀራል፤ ተመልሶ ይሞረድ። ሻካራ ልጓም ላይ ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) መጠምጠም የተለመደ ነው፤ ለጥቂት ቀን ያገለግላል። ነገር ግን ውፍረቱን በብዙ ይጨምራል፣ በጥርስ ተበልቶ ይተለተላል፣ የእህል ቁርጥራጭም ሥሩ ገብቶ ይሸታል። ስለዚህ በየማታው ይታይ፤ አዲስ ልጓም እስኪሠራ ድረስ ብቻ ይሁን።

አዲስ ልጓም ገዝቶ በዚያው ጠዋት ጭነት ላይ መውጣት ችግር ያመጣል። መጀመሪያ ዛብ ሳይታሰርበት በልባቡ ላይ ተደርቦ ከሩብ ሰዓት እስከ ሃያ ደቂቃ ያህል ይጉረሰው። ቀስ እያለ ቢያኝክ፣ ከንፈሩ ላይ ጥቂት ነጭ አረፋ ቢታይ፣ ራሱንም ዝቅ ቢያደርግ ተቀብሎታል። በሚቀጥሉት ቀናት ጋሪ ሳይኖር በረጅም ዛብ ከኋላ እየተሄደ፣ ሰው በማይበዛበት ሜዳ ላይ መታጠፍና መቆም ይልመድበት። ከዚያ ባዶ ጋሪ፣ ቀጥሎ ግማሽ ጭነት። በእያንዳንዱ ደረጃ ልጓሙ ሲወጣ የከንፈሩን ጥግ በአውራ ጣት ገለጥ አድርጎ ማየት፣ ምላሱ ላይ በአግድም የተሰመረ ሰንበር መኖር አለመኖሩን ማረጋገጥ ይገባል። ቀይ ከሆነ ይረፍ። የቆሰለ ከሆነ ግማሽ ሊትር በፈላና በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ተበጥብጦ ይታጠብ፤ እስኪድንም ልጓም አይግባ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ቁስሉን ያቃጥለዋል፤ ፈረሱም ይልሰዋል። በልጓም ማሰርማ ፈጽሞ! ግንድ ላይ የሚታሰረው በልባብ ነው፤ በልጓሙ የታሰረ ፈረስ ደንብሮ ወደ ኋላ ቢል ምላሱን ይቆርጣል።

ሁሉ ተስተካክሎም ፈረሱ ራሱን የሚያወዛውዝ ከሆነ ጥርሱ ይታይ። የላይኛው መንጋጋ በውጭ በኩል፣ የታችኛው በውስጥ በኩል ጠርዙ እየሾለ ጉንጭና ምላስ ይቧጥጣል። ድርቆሽ አኝኮ በድቡልቡሉ የሚተፋ ፈረስ ይህን እየነገረን ነው። ከላይኛው መንጋጋ ፊት ለፊት የምትበቅል ትንሽ ትርፍ ጥርስም አለች፤ ልጓም ሲነካት ታማለች። ሁለቱም የእንስሳት ሐኪም ሥራ ናቸው፤ በጉጠት መንቀል ሥሩን ሰብሮ ውስጥ ያስቀራል። ለልጆች ሽርሽር የሚሆን «ትንሽ ፈረስ» እየተባለ ግልገል ጋሪ ላይ የሚታሰርበት ሁኔታም ሊቀር ይገባል። ትንሽ ማለት ሌላ፣ ልጅ ማለት ሌላ። ፈረስ የወተት ጥርሱን የሚቀይረው ከ2 ዓመት ተኩል ጀምሮ እስከ 4 ዓመት ተኩል ገደማ ስለሆነ በዚያ ጊዜ ድዱ ይታመማል። አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር፦ ድንገት ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው ወይም ጠባዩ የተለወጠ ፈረስ አፍ ውስጥ እጅ አይግባ። የእብድ ውሻ በሽታ ፈረስንም ይይዛል፤ ሐኪም ይጠራ።

ልጓም ከፈረስ ወደ ፈረስ መዋዋስም መቅረት ያለበት ልማድ ነው። በቆዳ ሥር ተደርድሮ እያበጠ፣ እየፈረጠም መግል የሚያወጣው የጋሪ ፈረሶች በሽታ በቁስል በኩል ነው የሚገባው፤ በተበከለ ዕቃም ይተላለፋል። መዋዋስ ግድ ከሆነ ብረቱ ከጠፍሩ ተፈትቶ ግማሽ ሰዓት ይቀቀል። ጠፍር አይቀቀልም፤ ስለዚህ ጠፍር አይዋዋሱ።

የጣና ዳር አየር ለዕቃውም የራሱ ጣጣ አለው። በሚያዝያ ፀሐይ ጋሪ ላይ ተጥሎ የዋለ ብረት አፍ ያቃጥላል፤ ከመግባቱ በፊት ውኃ ውስጥ ይነከር፣ በእጅም ይዳሰስ። በክረምት ደግሞ ቆዳው ርሶ ይለጠጣል፤ ሰኞ ላይ በልኩ የታሰረ ልጓም ቅዳሜ ወደ ክራንቻው ወርዶ ይገኛል። ስለዚህ ዝናብ ባለባቸው ወራት ጠፍሩ የታሰረበት ቀዳዳ በየጠዋቱ ይታይ። ናይለን ጠፍር አይለጠጥም፣ ነገር ግን ጠርዙ ፊትን ይልጣል፤ ከሥሩ ጨርቅ ይሰፋበት።

በያጅ ዘንድ ለሚሄድ ሰው ትእዛዙን ባጭሩ ልጻፍለት፤ ቆርጦ ይያዘው። «ከከንፈር ጥግ እስከ ከንፈር ጥግ ሲለካ 11 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ፈረስ፦ ለስላሳ ክብ ብረት፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ መታጠፊያ የሌለው፣ መሃሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት የጎበጠ። በሁለቱ ቀለበቶች መካከል 11.5 ሴንቲ ሜትር። ቀለበቶቹ የማይሽከረከሩ፣ የውስጥ ስፋታቸው 6 ሴንቲ ሜትር። ከቀለበቱ ወደ ታች 6 ሴንቲ ሜትር የወረደ፣ ጫፉ የደፈጠጠና የተድቦለቦለ ክንድ። ብየዳው ተሞርዶ ጥጥ የማይይዝ።» ልኩ 10.5 ወይም 11.5 የሆነበት ሰው በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ያለውን ቁጥር በዚያው ልክ ይለውጥ፤ የቀረው እንዳለ ይቆይ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋሪ ፈረስ ዕቃ ሰፊ
ከባህር ዳር